ደራሲን «ከየት አመጣኸው?» ብላችሁ ስትጠይቁ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በኪነ ጥበብ ዓምዳችሁ ከደራስያን ጋር የምታደርጓቸውን ቃለ ምልልሶች ለብዙ ዓመታት ሳላቋርጥ ተከታትያለሁ። አብዛኞቹ የሚጀምሩት «ይህን ታሪክ ለመጻፍ ምን አነሣሣዎት?» በሚል ጥያቄ ነው። መልሱም ከሞላ ጎደል ተመሳሳይ ነው፤ ደራሲው አንድ ሌሊት ታሪኩ በድንገት እንደመጣለት፣ ከየት እንደመጣ እሱም እንደማያውቅ፣ ብዕሩም በራሱ ጊዜ እንደመራው ይናገራል። ጠያቂው በዚያ ይረካና ወደሚቀጥለው ጥያቄ ያልፋል። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ጥያቄው ትክክለኛ ሆኖ ሳለ መልሱ ሳይመረመር ስለሚታለፍ፣ መታለፉም በተለይ ለመጻፍ በሚመኙ ወጣቶች ላይ ጉዳት ሲያደርስ በዓይኔ ስላየሁ ነው።

ሥራዬ የልብ ወለድ ረቂቅ ማንበብና ማረም ነው፤ በትርፍ ጊዜዬም አጫጭር ልብ ወለዶች እጽፋለሁ። ወደ እኔ ከሚመጡት ጀማሪዎች መካከል ቋንቋው ያልተገራለት፣ ሴራው የላላበት ወይም ገጸ ባሕርያቱ ሁሉ በአንድ አፍ የሚናገሩበት ብዙ ነው፤ እነዚህ ግን በሥራ የሚቃኑ ጉድለቶች ናቸው። ልቤን የሚነካው ቋንቋውም ትዕግሥቱም እያለው «የምጽፈው ነገር የለኝም፤ እስኪመጣልኝ እየጠበቅሁ ነው» የሚለው ነው። ከእነዚህ አንዷ የሆነች ወጣት ሦስት ዓመት ሙሉ ስትጠብቅ እንደኖረች ነገረችኝ። ስለ ጽሑፍ ማውራቱን ትቼ ሰሞኑን ቤት ውስጥ ምን እንዳየች ጠየቅኋት። ምንም የሚነገር ነገር እንደሌለ ከነገረችኝ በኋላ፣ ልትሄድ ተነሥታ በሩ አጠገብ ስትደርስ፣ ታላቅ ወንድሟ አባታቸው ከሞቱ ወዲህ ወረቀት በሚያነብ ቁጥር የአባታቸውን መነጽር እንደሚያደርግ እንዲያው እንደዋዛ አነሣች። የወንድሟ ዓይን ጤነኛ ነው። መነጽሩ ፊደሉን ያደበዝዝበታል እንጂ አያጠራለትም። «ታዲያ ለምን ያደርገዋል?» አልኋት። «እኔ እንጃ» አለችኝ። የምትፈልገው ታሪክ ያለው «እኔ እንጃ» ያለችበት ቦታ ላይ እንደሆነ ስነግራት እንደ ማጽናኛ ቆጠረችው መሰለኝ፤ ማጽናኛ ግን አልነበረም። (ይህን የምጽፈው በፈቃዷ ነው።)

እንግዲህ ማለት የምፈልገው ይህን ነው። የልብ ወለድ ጥንስስ ትልቅ ሐሳብ አይደለም፤ ከላይ የሚወርድ ስጦታም አይደለም። አየነውም ሰማነውም፣ ምክንያቱን ያላወቅንለትና ከአእምሯችን አልወጣ ያለን ትንሽ ነገር ነው። ደራሲን ከሌላው ሰው የሚለየው ያንን ትንሽ ነገር አለመጣሉና ለረጅም ጊዜ ተሸክሞት መዞሩ ነው። «በአንድ ሌሊት መጣልኝ» የሚሉት ሰዎች ይዋሻሉ አላልኩም፤ ሌሊቱ እውነት ነው። የሌሊቱ ዋዜማ ግን አይነገረንም።

በአንድ ሌሊት ለመጣ ታሪክ ብዙ ጊዜ በምሳሌነት የሚጠቀሰው የሜሪ ሼሊ «ፍራንከንስታይን» ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በሚያዝያ 1815 በዛሬዋ ኢንዶኔዥያ የሚገኘው የታምቦራ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ወደ ሰማይ የረጨው አመድና ጋዝ የፀሐይን ብርሃን ስለጋረደ፣ በአውሮፓ ሞቃት መሆን የሚገባቸው የ1816 ወራት በብርድና በዝናብ አለፉ። የ18 ዓመቷ ሜሪ በዚያ ሰሞን ከኋላ ባሏ ከሆነው ከገጣሚው ፐርሲ ሼሊና ከጓደኞቻቸው ጋር በጄኔቫ ሐይቅ ዳር ነበረች። ዝናቡ ቤት ስለዘጋባቸው ከመካከላቸው አንዱ የሆነው ገጣሚው ሎርድ ባይረን እያንዳንዳቸው አንድ አንድ የሙት መንፈስ ታሪክ እንዲጽፉ ሐሳብ አቀረበ። ሜሪ በ1831 ለወጣው እትም በጻፈችው መግቢያ ላይ እንደተረከችው፣ በየማለዳው ታሪክ አገኘሽ ወይ ተብላ ስትጠየቅ አላገኘሁም ብላ መመለስ ያሸማቅቃት ነበር። ከዚያ አንድ ምሽት ባይረንና ሼሊ ስለ ሕይወት ምንጭ፣ በድን ዳግመኛ ነፍስ ሊዘራ ይችል እንደሆነ ሲከራከሩ ዝም ብላ ስታዳምጥ ቆየች። እንቅልፍ እምቢ ባላት በዚያ ሌሊት፣ ራሱ ገጣጥሞ ከሠራው ፍጡር አጠገብ የተንበረከከ ፊቱ የገረጣ አንድ ተማሪ በዓይነ ሕሊናዋ መጣ።

ሰው የሚያስታውሰው ይህን የመጨረሻውን ምስል ብቻ ነው። ከምስሉ በፊት ግን በየማለዳው የሚመላለስ ባዶነት አለ፣ ክርክሩን በዝምታ ያዳመጠ ጆሮ አለ። ከዚያም በፊት፣ ያለ ጊዜዋ የወለደቻትንና በሁለት ሳምንት ገደማ የሞተችባትን የመጀመሪያ ልጇን የቀበረች የ17 ዓመት እናት አለች። በመጋቢት 1815 በያዘችው የዕለት ማስታወሻ ላይ፣ ሕፃኗ ሞታ ሳይሆን በርዷት ብቻ እንደነበረና እሳት ዳር ሲያሻሿት ነፍስ እንደዘራች በሕልሟ ማየቷን ጽፋለች። ስትነቃ ሕፃን የለም። ይህ የተጻፈው ከጄኔቫው ሌሊት ከአንድ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ነው። በድንን ነፍስ ስለ መዝራት የሚተርከው መጽሐፍ በዚያ ሌሊት ከባዶ መጣ ልንል የምንችለው ይህን ማስታወሻ ካላነበብን ብቻ ነው። ራሷም በዚያው መግቢያ ላይ ፈጠራ ከባዶ እንደማይጀምር፣ መጀመሪያ ቅርጽ ያልያዘ ነገር በእጅ መኖር እንዳለበት በግልጽ አስፍራለች።

ሕልምም ቢሆን ከዚህ አይለይም። ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን የዶክተር ጄኪልንና የሚስተር ሃይድን ታሪክ አንዳንድ ትዕይንቶች በሕልሙ እንዳያቸው ስለ ሕልም በጻፈው ጽሑፍ ላይ ተናግሯል። ነገር ግን ስለ ሰው መንታ ማንነት የሚጽፈው ታሪክ ለረጅም ጊዜ ሲፈልግ እንደነበር፣ ከሕልሙ በፊትም ሁለት ቀን ሙሉ ሴራ ለማግኘት አእምሮውን ሲያስጨንቅ እንደዋለ እዚያው ላይ ጽፏል። ሁለቱን ቀን ትቶ ሕልሙን ብቻ የሚነግረን ሰው ለጀማሪ የሚያስተምረው መተኛትን ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝና ለተማሪዎቼ ደጋግሜ የምነግራቸው ግን የሌቭ ቶልስቶይ «አና ካሬኒና» አመጣጥ ነው፤ እያንዳንዱ እርምጃ ተመዝግቦ ስለቀረ። በየካቲት 1870 ቶልስቶይ ከከፍተኛው ማኅበረሰብ የሆነች፣ ባለትዳር ሆና ከክብሯ ስለወደቀች ስለ አንዲት ሴት መጻፍ እንደሚፈልግና ጥፋተኛ ሳትሆን የምታሳዝን አድርጎ ሊያሳያት እንደሚሻ ለባለቤቱ ለሶፊያ ይነግራታል፤ እሷም በማስታወሻዋ ታሰፍረዋለች። በዚህ ሐሳብ ላይ ግን መጽሐፍ አልተጻፈም። በጥር 1872 በመኖሪያው አቅራቢያ የአንድ ጎረቤቱ ባለርስት ቅምጥ የነበረች አና ፒሮጎቫ የተባለች ሴት፣ ሰውየው ሌላ ሊያገባ መሆኑን ስታውቅ ባቡር ሥር ገብታ ትሞታለች። ቶልስቶይ ሄዶ አስከሬኗን አየ። አሁንም መጽሐፍ አልተጻፈም፤ ከዓመት በላይ የሕፃናት መማሪያ መጽሐፍና ስለ ቀዳማዊ ጴጥሮስ ዘመን ያቀደው ልብ ወለድ ሲያደክሙት ቆየ። በመጋቢት 1873 የፑሽኪንን መጽሐፍ ገልጦ፣ እንግዶች ወደ አንድ ቤት መምጣታቸውን ብቻ በመናገር ያለ አንዳች ማብራሪያ በቀጥታ ወደ ድርጊት የሚገባ ያልተጨረሰ ቁራጭ ያነባል። ሊጀመር እንደሚገባው የተጀመረ ታሪክ ይህ ነው ብሎ ተደነቀ፤ ወዲያውም መጻፍ ጀመረ። የጀግናዋን መልክ ደግሞ፣ በተለይ ማጅራቷ ላይ የሚያፈነግጡትን ጥቋቁር ጥቅልል ጸጉሮች፣ ከፑሽኪን ታላቅ ልጅ ከማሪያ ሃርቱንግ እንደወሰደ የባለቤቱ እህት ትመሰክራለች።

ታዲያ መጽሐፉን የወለደው የትኛው ነው? ሐሳቡ ብቻውን ሁለት ዓመት ተኝቶ ቆየ። ሬሳውም ብቻውን ከዓመት በላይ ዝም አሰኘው እንጂ አላስጻፈውም። የፑሽኪን ዓረፍተ ነገር ብቻውን የአጀማመር ዘዴ ነው። ሦስቱ ባልታሰበ ሰዓት ሲነካኩ ግን እሳት ተነሣ፤ ከዚያም በኋላ ቢሆን በመጀመሪያዎቹ ረቂቆች ላይ ያለችው ሴት ዛሬ የምናውቃትን አና አትመስልም፤ አንባቢን የማትስብ፣ የባሏ በጎነት የጎላባት ሴት ነበረች። የምናዝንላት አና የተገኘችው በባቡር ጣቢያው አይደለም፤ በመጻፍና በመሰረዝ ነው። ስለዚህ «ታሪኩን ከየት አገኙት?» ለሚለው ጥያቄ ከእውነተኞቹ መልሶች አንዱ «ከራሱ ረቂቅ» የሚል ሊሆን ይችላል፤ በቃለ ምልልሶቻችሁ ግን ይህን መልስ አንድ ጊዜ እንኳ አላነበብኩም።

የዚሁ ደራሲ የመጨረሻ ዘመን ሥራ የሆነው «ሐጂ ሙራት» ደግሞ ትዕግሥትን በሌላ መልኩ ያሳያል። በሐምሌ 1896 ቶልስቶይ በተገመሰ ጥቁር ማሳ ሲያልፍ አንድ የኮሸሽላ ዓይነት እሾሃማ ተክል ያያል። ከሦስቱ ቅርንጫፎች አንዱ ተሰብሮ በጭቃ የቆሸሸ ነጭ አበባ ተንጠልጥሎበታል፤ ሁለተኛውም ተሰብሮ ጭቃ ተረጭቶበት ጠቁሯል፤ ሦስተኛው ወደ ጎን ተጣምሞ በአቧራ የጠቆረ ቢሆንም ሕይወቱ አልወጣም፤ መካከሉ ላይ ቅላቱ ይታያል። ይህን በዕለት ማስታወሻው መዝግቦ ሐጂ ሙራት ትዝ እንዳለውና መጻፍ እንደሚፈልግ አከለበት። ሐጂ ሙራት በ1851 ለሩስያ ጦር እጁን የሰጠ የካውካሰስ ተዋጊ ነበር፤ ቶልስቶይ ወሬውን የሰማው በዚያው አካባቢ ሳለ በ23 ዓመቱ ነው። በወሬውና በተክሉ መካከል 45 ዓመት አለ። ተክሉን ያየ ሌላ መንገደኛ ተክል አይቶ ያልፋል፤ ወሬውን የሰማ ሌላ ወታደርም ወሬ ሰምቶ ይረሳል። ለ45 ዓመት የታሪኩ ግማሽ ብቻ በልቡ ተቀምጦ ሌላውን ግማሽ ይጠብቅ ነበር ብል የተጋነነ አይመስለኝም። ይህ ዓይነቱ መጠበቅ ቅድም ካማረርኩበት መጠበቅ የተለየ ነው፤ የመጀመሪያው ባዶ እጅን ዘርግቶ መቆም ነው፣ ሁለተኛው ግን አንድ ነገር በእጅ ይዞ ጥንዱን እያዩ መሄድ ነው።

ያየነውና የሰማነው ነገር ሙሉ በሆነ ቁጥር ለታሪክ ይበልጥ ይመቻል የሚል እምነት በጀማሪዎች ዘንድ አለ። «እውነተኛ ታሪክ አለኝ፤ አንድም ያልጎደለው» እያሉ ይመጣሉ። የእኔ ልምድ ተቃራኒው ነው። ሄንሪ ጄምስ በአንድ የገና ዋዜማ እራት ላይ አጠገቡ የተቀመጠች ሴት፣ አንዲት እናት አባት ለልጁ ባወረሰው ቤት ውድ ዕቃ የተነሣ ከአንድያ ልጇ ጋር መጣላቷን ጣል ስታደርግለት፣ ከእነዚያ ጥቂት ቃላት የአንድ ሙሉ ልብ ወለድ ጥንስስ ወዲያው ታየው። ሴትየዋ ግን ወሬዋን ቀጠለች። ጄምስ እንደሚለው ቀጣዩን በሰማ ቁጥር እውነተኛው ሕይወት ጥሩውን ጅምር እንዴት እንዳበላሸው ብቻ ነበር የሚታየው፤ ለእሱ የበቃው የመጀመሪያው ፍንጣሪ ነው። ልብ ወለዱ በ1897 ታትሟል።

ይህን ሳነብ የራሴ ነገር ትዝ አለኝ። ከብዙ ዓመት በፊት በአንድ ሆስፒታል መተላለፊያ አግዳሚ ወንበር ላይ ተራ ስጠብቅ፣ ከፊት ለፊቴ አንድ ሽማግሌ ጭናቸው ላይ አንድ ጥንድ የሴት ጫማ አድርገው ተቀምጠው ነበር። ጫማው ቡናማ ነው፤ የግራው ተረከዝ በውጭ በኩል ብቻ አልቋል። ሽማግሌው የኮታቸውን እጅጌ ጫፍ በአውራ ጣታቸው ወጥረው የጫማውን አፍንጫ ይወለውላሉ፤ ጥቂት ያርፉና እንደገና ይወለውላሉ፤ የተወለወለውን ጫማ እንደገና ይወለውሉታል። የጫማው ባለቤት በሩ ውስጥ ትሁን፣ ዳግመኛ ጫማ የማያስፈልጋት ትሁን አላውቅም። ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት ተራዬ ደርሶ ተጠራሁ፤ ስመለስ ወንበሩ ባዶ ነበር። ያን ጊዜ ባለመጠየቄ ለረጅም ጊዜ ተቆጨሁ። ዛሬ ግን ጠይቄያቸው ቢሆን ኖሮ አንድ አሳዛኝ ወይም አንድ ደስ የሚል ዜና ይዤ ወደ ቤቴ እገባ ነበር፤ ጉዳዩም በዚያ ያበቃ ነበር ብዬ አምናለሁ። ስላልጠየቅሁ ሽማግሌው ለአሥራ አንድ ዓመት አብረውኝ ኖሩ። ስለ እሳቸው የጻፍኩት ታሪክ ውስጥ ሆስፒታል የለም፤ ሽማግሌም የለም። በውጭ በኩል ያለቀ ተረከዝ ግን አለ፤ ባለታሪኳ እንዴት እንደምትራመድ፣ አካሄዷን ከማን እንደወረሰች፣ ለምን ሁልጊዜ ወደ ግራ እንደምታዘነብል የነገረኝ እሱ ነው።

ቶኒ ሞሪሰንም በዚሁ መንገድ መሄዷን ሳውቅ ድፍረት አግኝቻለሁ። በአሳታሚ ድርጅት አርታኢ ሆና በ1974 ለወጣ፣ የጥቁር አሜሪካውያንን ታሪክ በሰነድና በሥዕል ለሚያሳይ መጽሐፍ ጽሑፎች ስታሰባስብ፣ በ1856 የታተመ አንድ የጋዜጣ ጽሑፍ አገኘች። ጽሑፉ ማርጋሬት ጋርነር ስለተባለች ከባርነት አምልጣ በያዟት ጊዜ ልጆቿ ወደ ባርነት እንዳይመለሱ ስትል ትንሽ ሴት ልጇን ስለገደለች እናት ነበር። ሞሪሰን «ቢላቭድ»ን ያሳተመችው በ1987 ነው። በመካከሉ ስለ ጋርነር ሕይወት ከዋና ዋናው ነገር አልፋ እንዳልመረመረች፣ ይህንንም ያደረገችው የሴቲቱን ውስጣዊ ሕይወት ራሷ ለመፍጠር ፈልጋ እንደሆነ ተናግራለች። ስለ ዘመኑ ግን አጥብቃ አጥንታለች። ይህ ልዩነት ሊጤን የሚገባው ነው፤ ዓለሙን ማወቅ ያስፈልጋል፣ የሰውዬውን ልብ ግን ሌላ ሰው ነግሮን ካወቅነው የምንጽፈው ነገር አይተርፈንም።

እዚህ ላይ የማልዘለው ነገር አለ። ታሪክ ከሰው የሚወሰድ ከሆነ የሰው ንብረት ነው። በአማርኛ ልብ ወለድ አንባቢ የገጸ ባሕርያትን እውነተኛ ባለቤቶች መፈለግ የተለመደ ነው፤ የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ሲወጣ ደራሲው ራሱ በቅርብ ካየው ከቀይ ኮከብ ዘመቻ የተቀዳ ስለነበር አንባቢው የትኛው ገጸ ባሕርይ ማን እንደሆነ በመገመት ተጠመደ፤ መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፣ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ከዚህ ታላቅ ጉዳይ ጋር የእኔን ማወዳደር አይገባኝም፤ ነገር ግን በአነስተኛው መጠንም ቢሆን ጉዳት ጉዳት ነው። በወጣትነቴ አንዲት የማከብራቸው ጎረቤቴ፣ ለሃያ ዓመት ሳይከፍቱ ስላስቀመጡት አንድ ደብዳቤ አምነው አጫወቱኝ። እኔም ስማቸውን ብቻ ለውጬ ሌላውን እንዳለ ጻፍኩትና በአንድ መጽሔት ወጣ። ወይዘሮዋ አልተቆጡኝም። በራቸው ላይ አግኝተውኝ «ልጄ፣ የፖስታውን ቀለም እንኳ ብትቀይረው ምን ነበረበት?» ብቻ አሉኝ። ሰማያዊ ነበር፤ ሰማያዊ ብዬ ነበር የጻፍኩት። ከሰው የተወሰደን ነገር መለወጥ ለባለቤቱ ክብር እንደሆነ ያን ቀን ተማርኩ። ለሥነ ጽሑፉም እንደሚጠቅመው የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ ያ ታሪክ ደካማ የሆነው ምንም ስላልጨመርኩበት ነበር። ደብዳቤው ለምን እንዳልተከፈተ እሳቸው ነግረውኝ ስለነበር፣ እኔ የምጠይቀው አልቀረኝም።

አሁን ይህን ሁሉ ለጋዜጣ አዘጋጅ የምጽፍበት ምክንያት ላይ ደረስኩ። በቅርብ ጊዜ በውስጥ ገጾቻችሁ ይወጡ የነበሩት የአራትና የአምስት መስመር አጫጭር ዜናዎች እየቀነሱ መጥተዋል፤ የችሎት ዜናዎች፣ የጠፋ ዕቃ ማስታወቂያዎች፣ አንድ ሰው አንድ ቀን ያደረጋቸው ምክንያታቸው ያልታወቀ ነገሮች። ቦታቸውን ሰፋፊ ትንታኔዎች ወስደዋል። ትንታኔ ያስፈልገናል፤ እኔም አነበዋለሁ። ነገር ግን አንድ ወጣት የቀጥቃጭ ልጅ የቀድሞ አሠሪውን ሚስት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በጥይት መትቶ ፍርድ ቤት መቅረቡን የዘገበው በ1827 መጨረሻ የታተመ የፈረንሳይ የችሎት ጋዜጣ ባይኖር፣ ስታንዳል በ1830 ያሳተመውን «ቀይና ጥቁር» በዚያ መልኩ ባልጻፈው ነበር። ሞሪሰንም ያገኘችው ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ የጋዜጣ ወረቀት ነው። ያን ጽሑፍ ያወጣው ሰው ለማን እንደሚያወጣው አያውቅም ነበር። እናንተም አታውቁም፤ ለዚህ ነው አጫጭሮቹን ዜናዎች እንዳትተዋቸው የምለምናችሁ። ሲታተሙም ምክንያቱ ያልታወቀውን ነገር በግምት አትሙሉት። «ምክንያቱ አልታወቀም» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ለዜና ጉድለት ልትሆን ትችላለች፤ ለደራሲ ግን የበሩ እጀታ ናት።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ስለ ቃለ ምልልሶቹ ነው። ደራሲው «በድንገት መጣልኝ» ሲላችሁ አትለፉት። ከዚያ ሌሊት በፊት ምን ያዩ ነበር በሉት። ማስታወሻ ይይዛሉ ወይ፣ ከያዙት ውስጥ ገና ምን እንደሚያደርጉት ያላወቁት ነገር የትኛው ነው፣ ከመጀመሪያው ረቂቅ እስከ መጨረሻው ያልተለወጠችው አንዲት ነገር ምንድን ናት በሉት። የጣለውንም ጠይቁት፤ ብዙ ጊዜ ደራሲ የጣለውን ሲናገር ይበልጥ እውነቱን ይናገራል። አንዳንዱ ላይመልስ ይችላል፤ መብቱ ነው፣ ምንጩን የደበቀው የሰው ምስጢር ለመጠበቅ ሊሆን ይችላልና። ግን ጥያቄው ታትሞ ቢወጣ እንኳ አንድ ገጠር ወይም ከተማ ያለ ጀማሪ ጥያቄውን ለራሱ ያቀርበዋል።

በመግቢያው ያነሣኋት ወጣት ባለፈው ወር ረቂቋን አምጥታልኝ ነበር። ሠላሳ አንድ ገጽ ነው። አነበብኩት፤ አባት የለም፣ ወንድምም የለም። አንዲት ሴት የሌላ ሰው የእጅ ጽሑፍ አስመስላ መጻፍ ትለማመዳለች፤ ለምን እንደሆነ እስከ ሃያ ሰባተኛው ገጽ አልገባኝም ነበር። መነጽሩ የት እንደሄደ ጠየቅኋት። አስራ አራተኛው ገጽ ላይ ጣቷን አደረገችልኝ፤ ሴትየዋ ጽሑፉን ለማመሳሰል ዓይኗን የምታጨናብስበት ቦታ ላይ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንድ የልብ ወለድ አርታኢና የዘወትር አንባቢያችሁ